ለአክስቴ ሐኪም ቤት የመረጥኩ ጊዜ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ታቦር ቤቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ሬዲዮ ስሰማ፣ አንድ ሐኪም ስለ ልብ ንቅለ ተከላ ያወራ ነበር። የሟችን ልብ አውጥቶ በሌላ ሰው ደረት ውስጥ መትከል ማለት ነው። ሐኪሙ እንዳለው፣ በሽተኛው መዳኑ በቀዳጁ እጅ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ሐኪም ቤቱም ይወስናል። ሥራውን ዘወትር የሚሠራ ሐኪም ቤትና አንዳንዴ የሚሞክር ሐኪም ቤት እኩል አይሆኑም። ደግሞም የጠናባቸውን የሚቀበል ቤት ብዙ ሰው ስለሞተበት ብቻ ክፉ ነው አይባልም አለ።

ነርስነት የምትማረው የልጅ ልጄ አጠገቤ ነበረች። "አባባ፣ ይኼን እኛም ተምረናል" አለችኝ።

"እኔ እናትሽ ሳትወለድ ደርሼበታለሁ" አልኳት። ሳቀች። ስለዚህ ነገርኳት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ንባብን የለመድኩት የሰው ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ እያየሁ ነው። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ አንገቴን አዘንብዬ የማነበው፤ አንዳንዱ ጋዜጣ በጎኑ ነበር የተለጠፈው። በበሬ ምርጫ ደግሞ እስከ እብናት ገበያ ድረስ የሚስተካከለኝ አልነበረም። የአባቴ እኩዮች እንኳ እኔ ሳላየው ገንዘባቸውን ከመቀነታቸው አይፈቱም ነበር። እኔ መርጬው ትልም ላይ የተኛ በሬ የለም።

እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ የሺ እንቅርት ነበረባቸው። ለዓመታት በነጠላ ሸፍነውት ኖሩ። በዚያ ክረምት ግን ወደ ውስጥ ገፋና ትንፋሻቸውን ያዘው። ተጋድመው መተኛት ስላቃታቸው ግድግዳ ተደግፈው ያድሩ ጀመር። የጤና ረዳቱ ተቀዶ ካልወጣ ያንቃቸዋል አለን። ዘመድ ተሰብስቦ ከተማ ወስዶ ሐኪም ቤት የሚመርጥላቸው ማን ይሁን ሲባል፣ ዐይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አልገረመኝም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ተነሣን። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር፤ መንገድ ዳር ልጆች የባቄላ እሸት ይሸጣሉ። አንበሳሜን እንዳለፍን አውቶቡሳችን ጭቃ ያዘውና ወርደን ገፋነው። እትዬ የሺም መዳፋቸውን ከኋላው አሳርፈው "እኔም ገፍቻለሁ በሉ" አሉ። ከዚያ ዳቦ ቆሏቸውን ከሾፌሩ ጀምረው ለሁሉ አደሉ።

የደረስንበትን ከተማ ስም አልጠራም። ሁለት ሐኪም ቤት ነበረው፤ የሁለቱም ሠራተኞች ልጆች ዛሬ በሕይወት አሉ። እትዬን ከአሮጌው ሐኪም ቤት ግቢ ጥላ ሥር አስቀምጬ ልመርጥ ሄድኩ። አሮጌውን ለመመርመር ጊዜ አላባከንኩም። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ግቢው በአስታማሚ ተጨናንቋል፣ የተሰጣው አንሶላ መተላለፊያ ዘግቷል፣ አንዲት አጣቢ አንሶላውን የሚነካውን ሁሉ ትቆጣለች።

አዲሱ ግን ሌላ ነው። ነጭ ቀለም፣ ጽጌረዳ፣ ጸጥታ። መስኮቶቹን ቆጠርኩ፤ ወለሉን በመዳፌ ዳበስኩ። ያየሁት በሽተኛ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጣቱን ታስሮ። ዘበኛውን እዚህ ሰው ይሞታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሞቶ አያውቅም አለኝ። አንገትስ ይቀዳሉ አልኩት።

"ሐኪሙ አንገት እስካሁን አልከፈቱም" አለ። "መጽሐፉ ግን አላቸው።"

ይህ አንጀቴን በላው። እኔም ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ዕድል ካልሰጠሁ ማን ይሰጠዋል?

ስመለስ እትዬ የሺና አጣቢዋ አብረው ዳቦ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ምርጫዬን አበሰርኳቸው፤ ሰው ሞቶበት የማያውቅ ሐኪም ቤት አገኘሁ አልኩ።

እትዬ በየቃሉ መሀል ትንፋሽ እየፈለጉ፣ "ሊሞት የደረሰውስ የት ይሄዳል?" አሉ።

ይህን አልጠየቅሁም ነበር። ተመልሼ ሄጄ ጠየቅሁ። ዘበኛው ደረቱን ነፍቶ፣ የጠናበትን እነሱ እንደማያስተኙና ወደ አሮጌው እንደሚልኩ አስረዳኝ።

ይህን ስነግራቸው አጣቢዋ ከት ብላ ሳቀች። እትዬ ግን በአገጫቸው ወደ አንሶላዎቹ አመለከቱኝ። ከገመዱ ሥር ሦስት ሴቶች ፀሐይ ይሞቃሉ። የሦስቱም አንገት ላይ እንደ ማተብ የዞረ ጠባሳ አለ።

"አንተ ልጅ፣ በሬ ስትገዛ መጀመሪያ ምኑን ታያለህ?"

"ጫንቃውን።"

"ለምን?"

"ቀንበር የላጠው መሆኑን ለማየት። ጠባሳ ከሌለው አርሶ አያውቅም።"

"ታዲያ ለእኔ ሲሆን ጽጌረዳ አየህ?"

አጣቢዋ ደግሞ የሐሙስ አንሶላ ሁሉ አንገታቸውን የተቀደዱ በሽተኞች እንደሆነ፣ እሷም እሱን ስታጥብ እንዳረጀች ነገረችን። ሰው አይሞትም አላለችም። ይሞታል፤ ሊሞት የደረሰው ሁሉ የሚመጣው ወደ እነሱ ነውና።

እትዬ የሺ እዚያው አሮጌው ቤት ቀዶ ክፍል የገቡት ሐሙስ ጠዋት ነው። እኔ አንሶላዎቹ ሥር ቆሜ ዋልኩ። በሬ ሲገዛ ቢያንስ እስኪያርስ ድረስ ገመዱ በእጅህ ነው፤ ያን ቀን በእጄ ምንም አልነበረም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጣቢዋ ዘንቢሏን ይዛ መጣች።

"አክስትህ በጀርባቸው ተጋድመው ያንኮራፋሉ" አለችኝ። "ሰው አስቸገሩ።"

እንዲህ ያለ ደስ የሚል ክስ ሰምቼ አላውቅም።

አገር ቤት ስንመለስ ሐኪም ቤቱን እኔ እንደመረጥኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። እትዬ የሺም አላስተባበሉኝም። ጠባሳቸውን እያሳዩ "አዎ፣ እሱ ነው የመረጠልኝ" ይላሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ "በሁለተኛው" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሩ፤ በዚያ ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ይቺን ቃል ረስተዋት አያውቁም።

ካረፉ ቆይተዋል። አሁን እንዳሻኝ ባወራ የሚያርመኝ የለም። እሑድ ዕለት ለልጅ ልጄ ስነግራት፣ "ሐኪም ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ" የሚለው ላይ ስደርስ ሳላውቀው ዝም አልኩ፤ ያን ድምፅ እየጠበቅኩ ኖሯል። ልጅቱ ታየኛለች። ማንም ያለው ስለሌለ፣ "በሁለተኛው" አልኩ እኔው ራሴ።