መብራት እንዳይመጣ የለመነው ገዱ

ደባርቅ ውስጥ መብራት እንዳይመጣ የለመነ ሰው ቢኖር ገዱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ዕድሜውን ሁሉ መብራት ጠፋ እያለ ሲያማርር የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ጸሎቱ ተገለበጠ።

ገዱ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቁ የኤልኢዲ መብራት ይጠግናል። ብዙ ጊዜ አምፖሉ ደህና ሆኖ የሚቃጠለው ፓወር ሳፕላዩ ነው፤ የመስመሩን ኃይል ቀንሶ ለመብራቱ በልኩ የሚያቀብለው ትንሽ ሣጥን። ሌላ ሲተካ ልኩ ካልገጠመ ጉድ ይፈላል። «ልኩን ሳታውቅ አትንካ» እያለ አገሩን ሁሉ የሚመክረው እሱ ራሱ ነበር።

ታዲያ የንስሐ አባቱ ቄስ ሀብተ ሚካኤል የመቅደሱ መብራት ጠፋ ብለው ጠሩት። መቅደስ ካህን እንጂ እንደ ገዱ ያለ ምእመን አይገባበትም። ስለዚህ እሱ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሞ እየነገራቸው፣ ቄሱ ከውስጥ ሣጥኑን ፈተው አወጡለት። ልኩን የሚናገረው ጽሑፍ በጥላሸት ጠቁሯል። አምፖሉ ደግሞ ከግድግዳው ጋር በብሎን ታስሯል።

«አባቴ፣ ከአምፖሉ ላይ የተጻፈ ቁጥር ይታይዎታል?»

«ዓይኔ የት አለና ልጄ» አሉት።

እዚህ ላይ ነበር ማቆም። ግን ይሉኝታ ያዘው፤ ታቦቱ በጨለማ ይደር ማለት አፈረ። ከያዛቸው ሣጥኖች በቁመቱ የሚመሳሰለውን መርጦ «ያው ነው» ብሎ ሰጣቸው። መብራቱ ከበፊቱም ደምቆ በራ። መረቁት፤ ደረቱን ነፍቶ ወረደ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ መብራት ሄደ። ገዱ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብሎ አሮጌውን ሣጥን በቤንዚን ጠረገው። ልኩ ሦስት መቶ ሚሊአምፔር ይላል። እሱ የሰጠው ስድስት መቶ ነው። ያ ሁሉ ድምቀት ለካ አምፖሉ ከአቅሙ እጥፍ እየጠጣ ነው! ሌሊቱን ሲግል አድሯል፤ ከሥሩ መጋረጃው ተዘርግቷል። የመቅደሱን መብራት ደግሞ ማንም አያጠፋውም። መብራቱ ተመልሶ የመጣ እንደሆነስ? ስልክ ሞከረ፤ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል።

ሱቁን ሳይዘጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን ዳገት በሩጫ ተያያዘው። ወፍጮ ቤቱ ደጅ እህላቸውን ይዘው ከሚጠብቁት አንዷ፣ ጎረቤቱ ፀጋ፣ «ገዱ፣ መቼ ይመጣል አሉ?» አለችው።

«አይምጣ!» ብሏት አለፈ። ፀጋ ይህ ሰው ምን ነካው ብላ አማተበች።

ቄሱን ከደጀ ሰላሙ አገኛቸው። «መብራቱን ይንቀሉልኝ አባቴ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። እሳቸውም አልጠየቁት፤ ቁልፋቸውን ይዘው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ይህን ጊዜ ከቁልቁሉ የወፍጮው ድምፅ ተነሣ። መብራት መጣ።

ገዱ እስከ መጋረጃው ተከትሎ እዚያው ቀጥ አለ። የፕላስቲክ ቃጠሎ ይሸታል። አንድ እርምጃ ቢራመድ መቅደስ ውስጥ ነው። እሳቱን ፈራ፤ ታቦቱን ደግሞ ከእሳቱ አብልጦ ፈራ።

«ነቀሉት አባቴ?»

ስሙን የሚያውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራ። ከቆይታ በኋላ ብርሃኑ ጠፋ፤ ቄሱ ቀኝ እጃቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ። ሲገልጡት የቀለጠው የአምፖሉ ክዳን መዳፋቸው ላይ ተጣብቋል።

«ወደ መጋረጃው ሊንጠባጠብ ሲል በእጄ ተቀበልኩት» አሉ።

ገዱ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ልኩን አላውቀውም ነበር አባቴ። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው።»

ቄሱ መስቀላቸውን በግራ እጃቸው አውጥተው አሳለሙት። ቀኛቸው መጨበጥ አልቻለም።

ዛሬ ቁስሉ ሽሯል፤ ጣቶቻቸው ግን እንደ ድሮው አይዘረጉም። ገዱ አሁንም መብራት ይጠግናል። መስቀል ሊሳለም ሲጎነበስ ግን መጀመሪያ የሚያየው መዳፋቸውን ነው።