የተሳሳትሁት ማኅበር

ዛሬ ጠዋት ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ አፍልታ ስትቀዳልኝ ያ ጎምዛዛ ሽታው አፍንጫዬ ሥር ገባና እጄ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። "ምነው፣ ዝንብ ገባበት?" አለችኝ። አይ፣ አልኋት። ምን ልበላት? ከርከዴ በሸተተኝ ቁጥር ድሮ የሠራሁባት ኮኪት ከተማ ነው የምገኘው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረድሁ ሳሉግ ነበርሁ፤ እዚህ አገር የወቅት ሠራተኛውን እንደዚያ ነው የሚሉት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ታስሮ የቆመው ሰሊጥ ሲደርቅ አገሩ ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸታል። ሥራ ሲያበቃ ሁሉም ወደ አረቄ ቤት ይነጉዳል፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም ፊት። አልዋሽህም፣ ከአጨዳዬ ይልቅ በመጠጤ ነበር የምታወቀው።

አንድ ቀን ሞቅ ብሎኝ ሳለ እናቴ ደውላ ኖሯል። ማውራታችንን በማግስቱ የነገረኝ ስልኬ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ይላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል አይደል የሚባለው? ከእኔ ሆድ ምን እንዳወጣ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ደወልሁላት፣ አላነሳችም። በሳልስቱም አላነሳችም። ያን ቀን አረቄ ተውሁ። አንድ ቀን ብታነሳ "እማ፣ አሁን የማወራሽ እኔ ነኝ" ልላት ነው፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

መተው ቀላል መስሎሃል? እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ያልፋል። የማያልፈው ብቸኝነቱ ነው። አብረውኝ የሚያጭዱት ልጆች "መነኮስህ እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ፣ ቀጥሎ ረሱኝ። ያን ሰሞን "ውሃ አቀብለኝ" ከማለት ያለፈ ከሰው ጋር አላወራሁም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ለእጄ መድኃኒት ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ እጄንም ዓይኔንም አየችና፣ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ማኅበር እንዳላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እንደሚቀመጡ ነገረችኝ። ዕለቱም ቅዳሜ ነበር። "ዝም ብለህ ግባ፤ ማንም ከየት መጣህ አይልህም" አለች።

ዝም ብዬ ገባሁ፣ የሰው ድምፅ በሰማሁበት በር። ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ቤት ለእንግዳ አሉኝ። ማኅበር ነው ወይ ብል፣ አዎ አሉኝ። በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ተሸጎጥሁ፣ ዳቦም ተሰጠኝ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፤ አረቄ ከተውሁ ወዲህ የሰው ትከሻ ሲነካኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ለካ ቀኑ ሚካኤል ነው፣ የገባሁትም የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ላይ ነው። ነገሩ የገባኝ ጽዋው ዞሮ ዞሮ እጄ ላይ ሲያርፍ ነው። ጥቁር ጠላ፣ ጌሾው ከሩቅ የሚጣራ።

የመልአክ ጽዋ አልፈልግም ብሎ መመለስ በእኛ አገር ነውር ነው። ሰው ሁሉ ያየኛል። እጄ ተንቀጥቅጦ ጠላው በጣቶቼ ላይ ፈሰሰ። ወደ አፌ አስጠጋሁት። ልጠጣው ነበር።

በቀኜ የተቀመጡት ሽማግሌ እጃቸውን በእጄ ላይ አደረጉ። ጽዋውን ወሰዱና እስከ አተላው ጨለጡት። ባዶውን ለአሳላፊው መልሰው ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። ውጭ ስንወጣ "የምትፈልገው ማኅበር ቀጥሎ ያለው በር ነው" አሉኝ።

ቀጥሎ ያለው በር የብየዳ ቤት ነበር። አምስት ሰዎች የከርከዴ ማንቆርቆሪያ ከበው ተቀምጠዋል። አድርሰውኝ የሚመለሱ መስሎኝ ነበር፣ ሽማግሌው ግን አብረውኝ ተቀመጡ። ሁሉም በየተራው መጠጥ ካቆመ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይናገራል። የቤቱ ባለቤት በያጁ ሰባት ወር አለ። ድሮ አረቄ ትሸጥ የነበረች ሴት ዓመት ሞላኝ አለች። እኔ አሥራ አንድ ቀን አልሁ። የሽማግሌው ተራ ደረሰ።

"ዛሬ መጀመሬ ነው" አሉ።

በያጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። "አባባ፣ አራት ዓመት ሆኖዎት የለም እንዴ?"

ሴትዮዋ ግን ጠላው ሸቷት ኖሮ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ሽማግሌው በየወሩ ከጽዋ ማኅበራቸው ሳይቀሩ፣ ጽዋውን ስመው ብቻ ሲያሳልፉ መኖራቸውን በኋላ የነገረችኝ እሷ ናት።

ሲወጡ ተከተልኋቸው። ይቅርታ ልል ፈልጌ ከኋላ ጠራኋቸው። ዞረው አዩኝ።

"አትሸከመው። ለአንተ ብዬ ነው ብል ውሸቴን ነው። ሸተተኝ፣ ጠጣሁት።"

እንዲህ ያሉኝ ሸክሜን ለማቅለል ይሆን ወይስ እውነታቸውን? ይኸው ስንት ዓመት፣ አንዱን ቀን አንዱን አምናለሁ፣ ሌላውን ቀን ሌላውን።

እናቴ ለጥምቀት ሰሞን ስልኬን አነሳች። ያን ቀን ሰክሬ ምን ብያት እንደነበር አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። "አሁን ድምፅህ የአንተ ነው" ብላ አለቀሰች።

ሽማግሌው ሦስት ቅዳሜ መጡ፣ በአራተኛው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤታቸው በኩል እየዞርሁ አንኳኳ ነበር። አረቄው በበሩ ስንጥቅ ይሸተኛል። አባባ፣ ሰዓቱ ደርሷል እላቸዋለሁ። ከውስጥ፣ "ቅደም ልጄ፣ እደርስብሃለሁ" ይሉኛል። እኔም እቀድማለሁ። ብየዳ ቤቱ ደርሼ ከአጠገቤ ያለው መቀመጫ ላይ ነጠላዬን አኖርበታለሁ። አዲስ የመጣ ሰው ሊቀመጥ ሲል፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ሰው አለው እል ነበር።