ሰዓት ሳያስሩ ማሞገስ

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አጎቴ ጀማል የአባባን ሰዓት አስሮ ሰፈራችንን ኢስትሊን ሲዞር የሰነበተ ጊዜ። ትናንት ማታቱ ተሳፍሬ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ስልኬን ስነካካ ነው ትዝ ያለኝ። አንድ ጎረምሳ በቪዲዮ ለሰዓት ሰብሳቢዎች ብሎ ስለ አንድ ሰዓት ይተነትናል። ምርጥ ነው፣ ምቹ ነው ይላል። መስታወቱ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። በየትኛው እጁ ነው የተመቸው? ካሳራኒ ስወርድ ገና እየተብከነከንኩ ነበር።

የእናቴ ወንድም ጀማል ከጨርቅ ሱቆች መሀል በተሰነቀረች ጠባብ ሱቅ አሮጌ ሰዓት ይሸጥ ነበር። ሱቋ የማሽን ዘይትና የቆዳ ማሰሪያ ትሸታለች። ሰብሳቢዎቹ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከኪሊማኒ ድረስ የሚመጡት ለዕቃው ብቻ አልነበረም፤ ለቃሉ ነው። እሱ ደግሞ አስሮ ያልሰነበተበትን ሰዓት ደግም ክፉም አይልም። ለየሶላቱ ውዱእ ሲያደርግ ይፈታዋል፣ እጁን አድርቆ መልሶ ያስረዋል። ዘለበቱ ጣት ይነክስ እንደሆነ፣ ቆዳው ላብ ሲነካው ይሸት እንደሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው። ሲናገርም ከጉድለቱ አይሸሽም። እኛ ልጆች እጁን ይዘን ዛሬ ደግሞ የማንን ነው ያሰርከው እያልን እንስቅበት ነበር።

ታዲያ አባባ ለስኩል ፊያችን ብሎ ከአያቴ የወረሰውን ሰዓት ለጋሽ ታደሰ ሊሸጥ አሰበ። ጋሽ ታደሰ ኪሊማኒ ሬስቶራንት ያላቸው፣ አሮጌ ሰዓት ካዩ ግን ምግብ የሚረሱ ሰው ናቸው። ጀማል ይይልኝ አሉ። አባባ ደስ አለው፤ የሚስቱ ወንድም መቼም አያሳፍረውም።

አጎቴ አስሮት ሰነበተና ሁላችንም ባለንበት ተናገረ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ጋሽ ታደሰ። ፊቱ ግን በኋላ የተቀባ ነው፤ የድሮው ቀለም አይደለም። የማሰሪያው ቀዳዳም ተበልቷል፤ ሲፈቱት ከእጅዎ ሊያመልጥ ይችላል።»

ጋሽ ታደሰ አመስግነው ሄዱ፤ ሰዓቱን አልወሰዱም። አባባ ፊቱ ጠቆረ።

«የአባቴን ሰዓት በሰው ፊት አዋረድከው» አለው።

«የምትገዛው አንተ ብትሆን ምን እንድልህ ትፈልግ ነበር፣ ሐሰን?»

አባባ ሰዓቱን መልሶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ ለኢድ እንኳ ሰላም አይባባሉም ነበር፤ እናቴ መሀላቸው ተቃጠለች። እኔም ያኔ የተናደድኩት በአጎቴ ነበር፤ አንዲት ደግ ቃል ምን ነበረበት እያልኩ።

ዛሬ የምናደደው በነዚህኞቹ ነው። በነፃ የተሰጣቸውን ሰዓት ከካርቶኑ ሳያወጡ የሚያሞግሱ፣ የሻጩን ወረቀት የሚያነቡልን። ሰው እኮ ያጠራቀመውን ይዞ አፍ አፋቸውን እያየ ነው። ማሰሪያው ሲፈታ ሲታሰር ምን እንደሚሆን ያልነገረኝ፣ ፊቱ ተቀብቶ እንደሆነ ያላየልኝ ሰው ምኑን ነገረኝ?

ከዚያ ኩርፊያ ከዓመታት በኋላ፣ ክላስ ኤይት ስጨርስ አባባ ሰዓት ገዛልኝ። እጄ ላይ ግን አላሰረልኝም። ከነካርቶኑ አስይዞ ወደ አጎቴ ሱቅ ላከኝ፤ «አስሮ ይይልኝ በይው» አለኝ። አጎቴ ያቺን ሮዝ ማሰሪያ ያላት የልጃገረድ ሰዓት ሰፊ የእጅ አንጓው ላይ በመጨረሻው ቀዳዳ አሰራት፤ የጨርቅ ነጋዴዎቹ ሴቶች እየሳቁበት መስጊድ ሄደ።