ሐምሌ ለምን ይሞቃል?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አጅማን ያለው ቤቴ ኤሲ የሚያጸዳ ሰው መጥቶ፣ መሰላሉን ሳሎን መሃል አቁሞ፣ ማጣሪያውን ነቅሎ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ ሲለቅበት፣ የእርጥብ አቧራ ሽታ ወጥ ቤት ድረስ መጣና እጄ ላይ የነበረውን ቢላዋ አስቀመጥኩት። ይህን ሽታ የዝናብ ሽታ ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን የዓርብ ሽታ ነው። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ፣ ወለሉን ወልውሎ፣ "ኸላስ፣ ማዳም" ብሎኝ እስኪወጣ ድረስ እኔ የለሁም ነበር፤ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄጄ የልጅነቴ ሳሎን ውስጥ ተቀምጫለሁ።

ያደግሁት ሻርጃ፣ ሮላ ነው፤ ከሥሩ የጨርቅ መደብሮች የተደረደሩበት፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት የሚበልጥ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ። አባዬ ዱባይ አንድ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ይሠራል፤ እማዬ እቤት ልብስ ትሰፋለች። ያኔ ቤተሰቡን ይዞ የሚኖር ሐበሻ ጥቂት ስለነበር ሳሎናችን የብዙ ሰው ሳሎን ነበር። የዕረፍት ቀን ነውና ዓርብ የማይቀሩ ግን ሦስት ናቸው። እትዬ አልማዝ ዱባይ፣ ሚርዲፍ ሰፈር፣ ቪላ ቤት ውስጥ የሰው ልጆች ያሳድጋሉ፤ ማዳማቸው ሲለቋቸው ነጠላቸውን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፣ ደረጃው ላይ ይለብሱታል። ጋሽ ወርቁ ዴራ ውስጥ ለአገር ቤት ነጋዴዎች ዕቃ የሚያሽግ ካርጎ ቤት ይሠራሉ። ሦስተኛው ጋሽ ደምሴ ናቸው። አል ቁዝ የሚባል የወርክሾፕ ሰፈር የኤሲ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ፤ ከወርክሾፑ ጀርባ ካለው የሠራተኞች መኖሪያ ተነሥተው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው እኛ ቤት ሲደርሱ፣ ገና ውሃ ሳይጠጡ የእጅጌ ቁልፋቸውን ፈትተው የመስኮቱን ኤሲ ማጣሪያ ነቅለው ያጥባሉ። እማዬ በየሳምንቱ ኧረ ይተዉት ትላለች፤ በየሳምንቱ አይሰሟትም።

ከምሳ በኋላ አባዬ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል፣ እማዬ ወተት የበዛበት ሻይ ታቀርባለች፣ ከዚያ ሳይንሱም ፖለቲካውም ሃይማኖቱም ያለ ወረፋ ይነሣል። ጋሽ ወርቁ የአገር ቤቱ መንግሥት መስከረምን እንደማይሻገር በየዓመቱ ግንቦት ላይ ያውጃሉ፤ መስከረም ሲያልፍ ነገሩ ወደ ጥር ይገፋል እንጂ እሳቸው ተሳስቼ ነበር ብለው አያውቁም። እትዬ አልማዝ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ የሚባለውን በጭራሽ አይቀበሉም፤ ደርሶ ካየው ምነው ቤት አልሠራበትም ይላሉ፣ ለዚህ ደግሞ የሚያረካ መልስ ሲሰጣቸው ሰምቼ አላውቅም። አባዬ አስታራቂ ነኝ እያለ ለሁሉም "እሱም አለ" እያለ ነገሩን ያባብሰዋል።

ጥያቄ አቅራቢዋ እኔ ነበርኩ። ደንቡን ያወጡት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከቤቱ ትንሹ ሰው ይጠይቅ ይሉ ነበር፤ ልጅ የሚጠይቀው የማያውቀውን ነው፣ ትልቅ ሰው ግን ሌላውን ለመጣል ይጠይቃል። እኔም ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ሳመነዥክ እከርምና ዓርብ አወጣዋለሁ። ባሕር ለምን ጨው ሆነ? ንጉሥ ሲሞት ብሩ ላይ ያለው ፎቶው ምን ይሆናል? እንስሳ ይጸድቃል ወይ የሚለው ሦስት ዓርብ ፈጅቶ፣ የእትዬ አልማዝ ማዳም ድመት ግን በምንም ዓይነት እንደማትጸድቅ ሁሉም ተስማምቶ ተዘጋ።

የመጨረሻው ቃል የጋሽ ደምሴ ነበር። አጠር ያሉ፣ ጥፍራቸው ሥር የዘይት ጥቁረት የማይለቃቸው፣ ድምፃቸው ግን እንደ ዜና አንባቢ የጠራ ሰው ነበሩ። "እኛ ሳይንስ ፋኩልቲ እያለን" ብለው ከጀመሩ ጋሽ ወርቁ እንኳ ብርጭቋቸውን ያስቀምጣሉ። ዓለምን በሙሉ በኤሲ ነበር የሚያስረዱት። ቅዝቃዜ የሚባል ነገር የለም ይላሉ፤ ያለው ሙቀት ነው፤ ኤሲም ብርድ አይፈጥርም፣ ሙቀቱን ከውስጥ ወስዶ ውጭ በቆመው ሰው ላይ ይደፋዋል እንጂ። መንግሥትም፣ ሀብታምም፣ ቪላ ውስጥ ያሉት ማዳምም እንደዚያው ናቸው፤ የሚቀዘቅዝለት ሰው ካለ የሚሞቅበት ሰው አለ። እትዬ አልማዝ ይህን ሲሰሙ ይሄስ ስብከት ነው ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሙቀት ስማር፣ መምህሩ በእንግሊዝኛ የሚነግረኝን አብዛኛውን ነገር ሻይ እየጠጣን በአማርኛ ሰምቼው ነበር።

አማርኛ ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤቴ የሕንዶች ስለነበር ፊደል የማገኘው ከቤት ብቻ ነው፤ እማዬ ስፌት አላት፣ አባዬ ትዕግሥት የለውም። ጋሽ ደምሴ የኤሲ ካርቶን ቆርጠው እያመጡ በወፍራም ማርከር ይጽፉልኛል፣ እኔ ከሥሩ እደግመዋለሁ። ካርቶኖቹ አልጋዬ ሥር ተከምረው ነበር። አንድ ፊደል ሳልሳሳት ስጨርስ "ዶክተሯ" ይሉኛል፤ ስሙ እዚያው ጸንቶብኝ ቀረ። ይህን የምጽፍበት አማርኛ የእሳቸው አማርኛ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሲል በሳይንስ ፈተና ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ፤ መምህሬም ክፍሉን አስጨበጨበችልኝ። ጭብጨባ እንደዚያ የሚጣፍጥ መሆኑን አላውቅም ነበር። ትምህርት የሚዘጋበት ሰሞን ነው፣ ከውጭ ያለው ሙቀት የበሩን እጀታ ያቃጥላል፣ ዓርቡ ደረሰ፣ ሻዩ ቀረበ። "ሐምሌ ለምን ይሞቃል?" ብዬ ጠየቅሁ። እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ይህን ነው፤ መልሱን አውቀው ነበር።

ጋሽ ደምሴ ተመቻችተው ተቀመጡ። መሬትና ፀሐይ በዓመት አንዴ ይቀራረባሉ፣ ሐምሌ ያ ጊዜ ነው አሉ፤ ምድጃ አጠገብ የተቀመጠና በር ላይ የተቀመጠ ሰው እኩል አይሞቀውም። እትዬ አልማዝ ታዲያ አገር ቤት ሐምሌ ለምን ይበርዳል ቢሏቸው ደመናው ነው ብለው አለፉት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ከሶፋው ትራስ ሥር ደብቄ ያስቀመጥኩትን የሳይንስ መጽሐፍ አወጣሁ፤ ገጹ እንዳይጠፋኝ አስቀድሜ ወረቀት አድርጌበታለሁ። መሬት ከፀሐይ በጣም የምትርቀው በሐምሌ ነው የሚለውን በመምህሬ ድምፅ በእንግሊዝኛ አነበብኩና፣ እሳቸው ባስተማሩኝ አማርኛ ተረጎምኩላቸው።

መጀመሪያ የሳቀው አባዬ ነው፤ በልጁ ኮርቶ ነው እንጂ ክፋት አልነበረበትም። ጋሽ ወርቁ ግን ለዓመታት ሲሸነፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን እየመቱ "ታዲያ ያ ፋኩልቲ ይቺን ሳያስተምርህ ነው ያስመረቀህ?" አሉ።

ጋሽ ደምሴ መጽሐፉን ተቀበሉኝና ሥዕሉን ብዙ አዩት።

"ልክ ናት" አሉ። "ልጅቷ ልክ ናት።" ከዚያ ዓይናቸውን ከገጹ ሳያነሡ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ፋኩልቲ ሠርቻለሁ እንጂ አልተማርኩም። የላቦራቶሪ ብልቃጥ አጣቢ ነበርኩ። በሩ ክፍት ሲሆን እሰማ ነበር" አሉ።

እማዬ ያልጎደለ ብርጭቆ ልትሞላ ተነሣች። ጋሽ ወርቁ የጀመሩትን ሳቅ የት እንደሚያደርሱት ጠፋቸው፤ ቆይተው ሥራ ሁሉ ሥራ ነው የሚል ነገር ተናገሩ፣ እሱም አልረዳም። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ነበር፣ ጭብጨባውን እየጠበቅሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ መጡ። ማጣሪያውን አጠቡ፣ በሉ፣ ተቀመጡ። ጥያቄ ስጠይቅ "ወርቁ ይመልስ" ብለው ሻያቸውን ጠጡ። ጋሽ ወርቁ መለሱ፣ እትዬ አልማዝ ተቃወሙ፣ አባዬ እሱም አለ አለ፣ ከዚያ ወሬው አለቀ፤ ለካ እነዚያን ሁሉ ክርክሮች አንድ ላይ ይዟቸው የነበረው ተሸናፊዎቹ የሚያኮርፉበት አንድ ሰው መኖሩ ነው። የዚያ ቀጣይ ሳምንትም እንዲሁ ሆነ።

በሦስተኛው ዓርብ ከምሳ በፊት ካርቱን እያየሁ ሳለ መጥተው አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ አሉ። ከእማዬ ሳህን ብርቱካን አንሥተው መሃሏን በስቴኪኒ ወግተዋታል።

"ዶክተሯ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይቺ መሬት ትሁን፣ አምፖሉ ፀሐይ ይሁን። ርቃ ሳለች እንዴት ነው የምትሞቀው? እስቲ አስረጂኝ።"

ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳላነሣ "መጽሐፉ ላይ አለ" አልኩ።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ጋሽ ደምሴ የዕቃ ስምና ቁጥር ከማንበብ ያለፈ እንግሊዝኛ እንዳልነበራቸው አውቃለሁ፤ የስልክ ካርዳቸውን መመሪያ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አፍሬ ነው ብል ግማሹ እውነት ይሆናል። ግማሹ ግን ካርቱኑ ነው። "እሺ ልጄ" አሉና ስቴኪኒውን ነቅለው፣ ብርቱካኗን በጥንቃቄ ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። በላሁት።

ከዚያ በኋላ መምጣታቸው እየራቀ ሄደ። ሹግሉ፣ ሥራው ማለት ነው፣ በዝቷል ይባል ነበር፤ ሐምሌ የኤሲ ሰዎች እንቅልፍ የሌላቸው ወር ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ቀጥሎ ወርክሾፑ ተዘጋና ሳይሰናበቱን አገር ቤት ገቡ፤ አዳማ ላይ ፍሪጅ የሚጠግኑባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈቱ አሉ። አባዬ ጡረታ ወጥቶ ሲመለስ ፈልጎ አገኛቸው፣ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁትም ዶክተሯ ደኅና ናት ወይ ብለው ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ማረፋቸውን አባዬ የነገረኝ ከቢሮ ስመለስ ሜትሮ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ነው። የያዝኩት እጀታ ላይ ተንጠልጥዬ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበረች ፊሊፒናዊት ምንም ሳትጠይቅ ሶፍት ሰጠችኝ።

ዛሬ ዓርብ ራሱ የድሮው ዓርብ አይደለም፤ እስከ ቀትር ቢሮ ነኝ። ከአገሬ ሰዎች ጋር ስንገናኝም አንድ ሰው የሆነ ነገር ከጠየቀ አምስት ስልክ ይወጣል፣ መልሱ ይነበባል፣ ወደ ምግባችን እንመለሳለን። የሚሳሳት የለም፣ ስለዚህ የሚያወራም የለም። ፖለቲካውንማ ተዉት። ከጦርነቱ ወዲህ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ማን ከየት እንደመጣ ይቆጥራል፤ ጋሽ ወርቁ ዛሬ ቢኖሩና መንግሥት መስከረምን አይሻገርም ቢሉ፣ ከመሃላችን አንዱ በዝምታ ጫማውን አድርጎ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ይህን ሁሉ በዘመኑ ላይ መደፍደፍ አልችልም። የእኛን ሳሎን ዝም ያሰኘው ጦርነትም ስልክም አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት ሰውየው ከሄደ በኋላ ኤሲው አዲስ ሆኖ መንፈስ ጀመረ። ከፍሪጁ ላይ ካለው ቅርጫት አንድ ብርቱካን አወጣሁ፤ ስቴኪኒ ፍለጋ ሦስት መሳቢያ ከፈትኩ። የወጥ ቤቱን መብራት አብርቼ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ድምፄን አውጥቼ ተናገርኩ።

"ይኸውልዎት ጋሽ ደምሴ። መሬት ቀጥ ብላ አይደለም የምትዞረው፤ እንዲህ ዘመም ብላ ነው። ሐምሌ ላይ እውነትም ከፀሐይ ትርቃለች። ግን የኛ ወገን ያኔ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይወርድብናል፣ ቀኑም ይረዝማል፣ ስለዚህ ይሞቃል። ጥር ላይ ደግሞ በጣም ቀርበናት ፊታችንን እናዞራለን። ከመቅረብና ከመራቅ አይደለም። ፊት ከማዞር ነው።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።