የማያጸድቅ እህል

እርጥብ ደበሎ ሸትቶህ ያውቃል? ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ድንገት ሲወርድ አንድ ቆዳ ነጋዴ የበግ ቆዳውን ተሸክሞ ከልጄ ወፍጮ ቤት ጥግ ተጠለለ። ያ የላብና የሞራ፣ የጭስና የዝናብ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ የያዝኩትን ጉርሻ ወደ መሶቡ መለስኩት። ደበሎ የቆሎ ተማሪ የሚለብሰው የበግ ለምድ ነው። እኔም ለብሼዋለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ እንዳልረሳው የሚያደርግ ነገር መጥቷል። የልጅ ልጄ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሳይደርሳት ቀረ። ደሴ የግል ኮሌጅ ገብቼ ሒሳብ አያያዝ ልማር አለች። አባቷ፣ ልጄ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ወፍጮ አለው፣ የጭነት መኪና አለው፤ መክፈል አያቅተውም። «አልከፍልም፤ ሰው በራሱ ጥሮ ይደግ» አለ። ምስክር አድርጎ የጠራው ማንን መሰለህ? እኔን። «ለአባዬ ማን ከፈለላቸው? ለምነው አይደል የተማሩት!» አላት፣ እኔው ፊት።

እንዴት ለምኜ እንደተማርኩ ስማና አንተው ፍረድ።

አባቴ ባለጸጋ ነበር። ጎታው ገብስ አይጎድለውም፤ በቅሎ አለው፤ ማሩም የጉድ ነው። እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች። አባቴ ቄስ እንድሆንለት ፈልጎ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ደብር፣ ከየኔታ እጅ አስገባኝ። ስንቅ ግን የለም። «በአባቱ ጎታ የተማረ ቄስ አላየሁም። ለምኖ ያልበላ፣ ቀለም አይገባውም» አለ። ወጉም እንዲያ ነበር። የሀብታምም የድሃም ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ከሰው ደጅ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ያለው ቁራሽ እንጀራ ይጥልለታል።

እኔም አልከፋኝም ነበር። ጓደኛ ነበረኝ፤ ከአጅባር በኩል የመጣ፣ እናት አባት የሌለው፣ አንገቱ መቃ የመሰለ ልጅ። አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳም። እሱ ድምፅ ነበረው፣ እኔ ዱላ፤ እሱ ይለምናል፣ እኔ ውሻ እመክታለሁ። ማታ ያገኘነውን አንድ ላይ ደፍተን እንበላለን።

አንድ ዓመት ውርጭ ገብሱን መታው። ክረምቱ ሲገባ በደረስንበት ደጅ ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ሆነ መልሱ። ይህ ቃል የሚያምር ይመስላል፤ ለለማኝ ሲባል ግን «የለኝም፣ ሂድ» ማለት ነው። የኔታ ሰበሰቡንና «ልጆቼ ደጄ ላይ በረሃብ ሲሞቱ አላይም። ስንቅ ያገኘ ይቆይ፤ ያላገኘ ወደ መጣበት ይመለስ» አሉ። እኔን ለብቻዬ ጠርተው «የአንተስ አባት ሀብት አለው፤ ሂድና ንገረው» አሉኝ። ዳዊት ልጀምር ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ከጓደኛዬ ጋር ዝናብ እየወገረን ሄድን። ስንደርስ አባቴ የሚካኤልን ዝክር ያበላል። የወጡ ሽታ ከአጥሩ ውጭ ይጣራል። ያን ጊዜ ነው የተሳሳትኩት። የቤቱ ልጅ ነኝና በጓሮ ገብቼ፣ ጉልበቱን ስሜ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ላስቀው፣ እንደፈለገው ተማሪ መሆኔን ላሳየው ብዬ ከበሩ ቆሜ በዜማ ለቀቅሁት፤ «በእንተ ስማ ለማርያም!»

ውሻው አወቀኝ፤ እየተሻሸ እግሬን ላሰኝ። አባቴ ዋንጫውን እንደያዘ ወጣ። አየኝ። ሳቅሁለት። እሱ አልሳቀም።

«ተማሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

እንግዶቹ ሳቁ። «ኧረ ጌታው፣ ልጅዎ ነው!» አለ አንዱ። «የኔ ልጅማ ከየኔታ ዘንድ ነው» አለው።

«አባዬ፣ ስንቅ ካላገኘሁ ከትምህርቱ መውጣቴ ነው» አልኩት።

«ለልጅ መስጠት አያጸድቅም» አለ። «ልጇን ማብላትማ ላምም ታውቅበታለች።» ወደ ጓደኛዬ ዞረ። «አንተ አባት አለህ?»

«የለኝም፣ ጌታዬ።»

«እንዲህ ያለው ነው የሚያጸድቀኝ!» አለና በሶ በስልቻ አስሞልቶ ከትከሻው ላይ ጫነለት። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ «ለዚህ አንዲት ጭብጥ ብታካፍለው፣ በማርያም ይዤሃለሁ» አለው።

ሙስሊሙ ጎረቤታችን ንፍሮ ይቆረጥም ነበር። ከእጁ ላይ አራገፈና ተነሣ። «ይህ የልጁ ሐቅ ነው! ለሰው ምጽዋት እየሰጠህ የልጅህን ሐቅ ትበላለህ? ወላሂ ከዚህ ቤት እህል አልቀምስም።»

«የዋጥከውንስ?» አለው አባቴ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

ተመለስን። ጓደኛዬ ስልቻውን ተሸክሞ ከፊቴ ያለቅሳል። ከአንድ ድንጋይ ስንደርስ አውርዶ አፉን ፈታና ጀርባውን ሰጠኝ። «የተያዝኩት እንዳላካፍል ነው፤ እንዳልሰረቅ አይደለም። ተኝቻለሁ። ቶሎ በል።»

የስልቻውን አፍ መልሼ አሰርኩ። «የአባቴን እህል ሰርቄ አልበላም» አልኩ።

«አንተ ግትር! በሞቴ!»

አልበላሁም። መንገዱ ሲለያይ እሱ ወደ የኔታ ሄደ፤ እኔ ወረኢሉ ወርጄ ለከብት ነጋዴ ተቀጠርኩ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልረገጥኩም።

«መከራው አጠነከረዎት» ይለኛል ልጄ። ተረከዝም ይጠነክራል። እሱ ራሱ ተምሮ ለዚህ የበቃው እኔ ወይፈን እየሸጥኩ ከፍዬለት ነው፤ ያን ለልጁ አይነግራትም። ካለህ ክፈል ነው የምለው። ሐቋ ነው። እሷ ግን ይኸው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳ ሚዛን ትጠብቃለች።

አባቴ ሲያረጅ ዓይኑ ጠፋ። ሊሞት ሲል «ልጄን ጥሩልኝ» ብሎ ሰው ላከ። ደጎሎ ገበያ ነበርኩ። የያዝኳቸውን በጎች ለሰው ጥዬ ሮጥኩ። ያረቢ፣ በሕይወት አድርሰኝ እያልኩ። ገብቼ ከመደቡ ሥር ተንበረከክሁ። እጄን ይዞ መዳፌን ዳሰሰው፤ ገመድ የበላው መዳፌን።

«ይህ አይደለም» አለ። «የተማረውን ልጄን።»

የተቀመጡት ሁሉ አቀረቀሩ። ማንን እንዳለ አውቀናል። ያ ጓደኛዬ መሪጌታ ሆኗል፤ በየበዓሉ እየመጣ አባቴን ይጠይቀው ነበር። ሰው አልላክሁም፤ ራሴ ሄጄ አመጣሁት። በመንገድ ላይ «ይቅር በለው» ብቻ አለኝ፤ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

«መጣህ ልጄ?» አለ አባቴ ድምፁን ሲሰማ። ፊቱ በራ። ያን ፊት ለኔ ሲያበራ አይቼ አላውቅም።

ጓደኛዬ ከአጠገቡ ተቀምጦ ዳዊቱን ገለጠ። ቤቱ ጨለማ ነውና ጧፍ ይዤ ከጎኑ ቆምኩ። ማንበብ ጀመረ። ዓይኔ ሳላዝዘው ከመጽሐፉ ላይ ወረደ፤ የማውቃቸውን ፊደሎች አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ተከተልኩት። እሱ ገጹን ጨረሰ። እኔ ገና ከመሃሉ ነኝ።

ቀና ብሎ አየኝ። ጣቱን ከገጹ ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ሳይገልጥ ጠበቀኝ።

አባቴ ከትራሱ ላይ «ምነው ንባቡ ቆመ? ማነው የያዘው?» አለ።