የሌንሷ አደራ

ሌንሷ ከካሜራዋ ሆድ ስትወጣ "ዚዝ" ትላለች። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄን አርቃለሁ። ካሜራዋ የታላቅ እህቴ ናት። ከዚህች በፊት የነበረቻት ካሜራ ሌንሷ እንደወጣች አቧራ ገብቶባት ደርቃ ቀረች፤ ፒያሳ ያለው ጠጋኝም "አትሠራም" ብሎ መለሰላት። ስለዚህ ይችን ስታውሰኝ ስትጨቀጭቀኝ ዋለች፦ "ሌንሷ ወጥታ ሳለ እንዳትነኪያት፤ ውኃ አይድረስባት። አደራ!" አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

የተዋስኳት ለወላጅ አባታችን ነው። ድብ ባሕር ከምትባል የገጠር ከተማ አጠገብ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ክረምቱን ሲያማቸው ፈራሁ። በእኛ አገር ለቅሶ የሟች ፎቶ ተይዞ ይለቀሳል፤ ባዶ እጄን ልቆም ነው እያልኩ እጨነቅ ነበር። አሮጌው ስልኬ የሚያነሳው ደግሞ ሲተልቅ ይደበዝዛል።

ወደ እሳቸው ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ካሜራዋን በነጠላ ጠቅልዬ አቀፍኳት። መኪናው በነጠረ ቁጥር ከአጠገቤ ያለችው ሴት የያዘችው የዱቄት ከረጢት ብናኙን ይተፋል፤ እኔም ነጠላዬን አጠብቃለሁ።

አባባ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። "አንዴ ብቻ ነው የምነሳው፤ ቄስ ፎቶ ሲያበዛ አያምርበትም" አሉ። ከፈትኳት፤ ሌንሷ ወጣች። ይኼኔ እጃቸውን ወደ ጠበል ጠርሙሳቸው ሰደዱ። ቤታችን የገባ አዲስ ነገር ሁሉ ይረጫል፤ ሬድዮአችን ተረጭታ ሳምንት ሙሉ ስታስል መክረሟን አልረሳሁም።

"ሸጋ ነች። አምጫት እስኪ፣ ልባርክልሽ" አሉ፣ መዳፋቸው ላይ ጠበል አቁረው።

ደነገጥኩ። ካሜራዋን ከኋላዬ ደበቅኳት። "ይቅርባት አባባ፣ ውኃው ያበላሻታል!"

"ውኃ?" አሉ። "ምነው ልጄ፣ ጠበል ነው እኮ።"

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ጠበሉ በጣቶቻቸው መሃል ይንጠባጠባል። እኔ የፈራሁት ለሌንሷ ብቻ ነበር። ሌላ ሳይመጣባት ብዬ በጥድፊያ አነሳኋቸውና ዘጋኋት። በደኅና ስትገባ እፎይ አልኩ። "አንድ ልድገምዎት?" ስላቸው "በቃኝ" ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ። በለቅሷቸው ቀን ፎቷቸውን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። ቅንጣት ብዥታ የለበትም፤ የቅንድባቸው ሽበት ሳይቀር ይቆጠራል። አንዲት የንስሐ ልጃቸው ጠጋ ብላ ፎቶውን አየችና "እኒህን የመሰሉ ሳቂታ ሰው፣ ምነው እንዲህ ከፍቷቸው ተነሱ?" አለችኝ።

"አሟቸው ነበር" አልኳት።