ሎሚ ተሸክሜ ወደ ድጓ ቤት

ከእስቴ የተነሣሁት በኅዳር መጨረሻ፣ የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጧት ነው። ዓላማዬ አጭር ነበር። ቆላ ወርጄ ሎሚ መግዛትና ታች ጋይንት ለሚማረው ታላቅ ወንድሜ ለይትባረክ ማድረስ።

ይትባረክ ስምንት ዓመት ዜማ ተምሯል። ከጥምቀት በኋላ እዚያው ጋይንት ያለው ቤተ ልሔም ወጥቶ ድጓውን ሊያስመሰክር ነበር። እዚያ ያስመሰከረ መርጌታ ይባላል፤ ያላስመሰከረ ጠጉሩ ቢሸብትም ተማሪ ነው። በጥቅምት ግን አንድ መንገደኛ ዲያቆን ቤታችን አድሮ መጥፎ ወሬ አመጣልን። የይትባረክ ድድ አብጦ ይደማል። ሁለት ጥርሱ ይነቃነቃል። እግሩ ላይ ጠቃጠቆ ወጥቷል፣ ጉንፋን ከያዘው አይለቀውም፣ ዜማውን ከመካከል ትቶ ይቀመጣል። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው አለች፤ አባቴ ጠበል ይሻለዋል አለ። እኔ ቁጭ ብሎ መመካከር የማልችል ሰው ስለሆንሁ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወጣሁ።

የሐኪም ረዳቱ ድሬሰር ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ የጠየቀኝ ስለ ምግብ ነው።

«ምንድን ነው የሚበላው?»

«ተማሪ ምን ይበላል? ለምኖ ያመጣውን እንጀራ አድርቆ ድርቆሽ ይበላል። ቆሎ፣ በሶ።»

«ጎመን፣ ቃሪያ፣ ፍራፍሬ?»

«እኔ እበላለሁ እንጂ እሱ ሲበላ አይቼው አላውቅም።»

ያን ጊዜ ቫይታሚን ሲ የሚባል ነገር እንዳለ ነገረኝ። ሰውነታችን ራሱ አይሠራውም፤ ካልደረቀ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ማግኘት አለበት። ሲጎድል ድድ ይደማል፣ ቁስል አይሽርም፣ ሰውነት በሽታን የሚመክትበት ጉልበት ይደክማል። ሎሚና ብርቱካን ውስጥ ሞልቶ ተርፏል። «ሎሚው አስማት አይደለም፤ ምግብ ነው። በየቀኑ ይብላ። አሥር ቀን በልቶ ካልተሻለው ግን ተሸክመህም ቢሆን አምጣልኝ» አለኝ። በደብተሬ ላይ አራት ቃል ጻፍሁ፦ ትኩስ፣ ጥሬ፣ በየቀኑ፣ አታፍላ።

ሰኞና ማክሰኞ፣ የስማዳ መንገድ

መንገዱ ሁሉ አውድማ ነበር። ገብስና ስንዴ ይወቃል፣ በሬዎች ይዞራሉ፣ ገለባው ዓይን ይገባል። እኔ መንገድ ላይ ሰው ከፊቴ ሲሄድ ማየት አልወድም። ሁለት ነጋዴዎችን፣ አንድ የለቅሶ ደራሽ መንጋ፣ በበቅሎ የሚሄዱ ቄስ አለፍሁ። ቄሱ «ልጄ፣ የሚያባርርህ ሰው አለ?» አሉኝ። የለም አልኋቸው። «እንግዲያ የምታባርረው አለ» አሉና መረቁኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ከአውድማው ጠርተው የእህል ማዝሪያ መንሽ ሰጡኝ። ትንሽ ካገዝኋቸው ቆሎና ጠላ እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ። ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ግጥም እጽፋለሁ አልሁ። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁ፤ ማንም አልሁ። «በል እንግዲያ» አሉ። እያዘራሁ ይችን አልሁ፦

ገለባን ነፋስ ነው ከአውድማ የሚያወጣው፣
ልቤን ያለ ነፋስ ከቤት ምን አወጣው?

ሽማግሌው እጄን አዩ። «ግጥሙስ ደኅና ነው» አሉ። «መንሹን ግን ገልብጠህ ይዘኸዋል።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወገዳ ከተማ ገባሁ። ገበያው ባዶ ነበር። አንዲት ጨው ሻጭ ሎሚ የሚመጣው በገበያ ቀን፣ ከቆላ፣ በአህያ መሆኑን ነገረችኝ፤ እስከዚያ ከእሷ ዘንድ እንዳርፍ ጋበዘችኝ። አመስግኜ ቁልቁለቱን ጠየቅሁ።

ረቡዕ፣ ቆላ

ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈታል። ደጋ ላይ የደረብሁትን ጋቢ ወገቤ ላይ አሰርሁት፤ ከዚያ ራሴ ላይ ጠመጠምሁት። ወንዝ ዳር ደርሼ አንዲት ባልቴት ደጅ ቆምሁ። እማማ አንጓች ይባላሉ። ጓሯቸው ውስጥ ስድስት የሎሚ፣ ሦስት የብርቱካን፣ አንድ የትርንጎ ዛፍ አለ። ሽታው ከሩቅ ይቀበላል።

«ኅዳር ላይ ሎሚ? ጥምቀት ገና ነው እኮ» አሉኝ። «የምትወረውርላት ልጅ እስከዚያ አትጠብቅህም?»

«ለሴት አይደለም እማማ። ለወንድሜ ነው።»

«ለወንድምህ ነው ይህን ሁሉ አገር የወረድኸው? ምስኪን።»

የዜማ ተማሪ መሆኑን ስነግራቸው ሎሚውን መቁረጥ አቆሙ። የሚማርበት ጉባኤ የት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። (የደብሩን ስም እዚህ አልጽፍም።)

«አይበላልህም» አሉ። «የዚያ ጉባኤ ተማሪዎች በየዓመቱ ለልመና ይወርዳሉ። ሎሚ ስሰጣቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ። ኮምጣጣ ድምፅ ይዘጋል ይላሉ፤ መምህራቸው ከልክለዋል።»

ይትባረክን አውቀዋለሁ። የተከለከለውን ሁሉ ከሌላው በላይ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሌላው ተማሪ ሰርቆ ቀምሶ ይሆናል፤ እሱ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ያመመው ጥንቃቄው ነው።

«ልቁረጥልህ ወይስ ትመለሳለህ?» አሉኝ።

ይቁረጡ አልሁ። አምሳ ሎሚና ሃያ ብርቱካን በቅርጫት፣ በእርጥብ ሣር አልብሰው ሰጡኝ። ሎሚው አምስቱ በአምስት ሳንቲም ነው፤ ብርቱካኑን መረቁልኝ። «ስልቻ ውስጥ እንዳታፍናቸው፣ ይተነፍሱ» አሉ።

ዓርብ፣ አርብ ገበያ

ሐሙስን ሙሉ ዳገት ወጣሁ። በየመዞሪያው ብልሃት ሳወጣና ሳፈርስ ዋልሁ። ሎሚውን በምስር ወጥ ውስጥ ልጨምቅበት? ወጡ ሲፈላ ጥቅሙ ይጠፋል። በጠላ ልደባልቅበት? ምላሱ ያውቀዋል። ወንድሜን ማታለሉም ደስ አላለኝም።

ዓርብ ጧት ገበያው መሀል አንድ ደበሎ የለበሰ ወፍራም ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ በቅርጫቴ ዙሪያ ሲያሸት ያዝሁት። ሞገስ ይባላል፤ የይትባረክ የጉባኤ ጓደኛ ነው፤ አንድ ጎጆ ያድራሉ። ሲስቅ ጥርሱ ድርድር፣ ድዱ ያላበጠ ነበር። አፉን ትክ ብዬ አየሁት።

«ምን ታያለህ? በቅሎ ልትገዛ ነው?» አለኝ።

«አንተ ሎሚ ትበላለህ።»

ሣቁ ጠፋ። ግራ ቀኝ አየና ክንዴን ይዞ ከጨው ነጋዴዎቹ ጀርባ ወሰደኝ። ከእማማ አንጓች ጓሮ ሳይቀር ተደብቆ መብላቱን ነገረኝ። ቃሪያም ጥሬውን ይነክሳል። «አደራህን ለየኔታ እንዳትነግር። ሁለት ጊዜ ሊያባርሩኝ ነበር፤ ሦስተኛው የመጨረሻ ነው።»

«ድምፅህስ?»

«ድምፄን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጉባኤው ውስጥ ከኔ በላይ የሚጮህ የለም።»

ይህን ለይትባረክ እንዲነግርልኝ ለመንሁት። እንቢ አለ። መንገዱን ሙሉ ለመንሁት፤ መንገዱን ሙሉ እንቢ እያለ ቅርጫቱን ግን ተሸከመልኝ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ጉባኤው

ይትባረክ ከጎጆው ደጃፍ፣ አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። ቅርጫቱን ገልጬ አሳየሁት። ድሬሰሩ ያለውን ሁሉ ነገርሁት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«አንተ ሁልጊዜ አንድ ነገር ጨብጠህ ትሮጣለህ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሁለት ወር ቀርቶኛል። ድምፄን ልትወስድብኝ ነው?»

«ጥርስህ እየሄደ ነው እኮ።»

«ያለ ጥርስ የዘመሩ አባቶች አሉ። ያለ ድምፅ የዘመረ ግን የለም።»

የኔታ ጭቅጭቃችንን ሰምተው መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ነገሩን ደግሜ አስረዳሁ።

«ይህ ድሬሰር ድጓ ያውቃል?» አሉኝ።

«አያውቁም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ስለ ጉሮሮ ምን አገባው?»

ቅርጫቱን ለማንሣት ጎንበስ ስል ሞገስ ከኋላዬ ወጥቶ የየኔታ እግር ላይ ወደቀ።

«የኔታ፣ ይፍቱኝ።»

«ምን አድርገህ?»

«ሎሚ በልቼ።»

«መቼ?»

«ከዛሬ አምስት ዓመት ጀምሮ።»

ዙሪያውን የነበሩት ተማሪዎች ቀረብ አሉ። የኔታ በመቋሚያቸው ቀና አደረጉት። «ዛሬስ በልተሃል?»

«ዛሬማ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም፣ የኔታ።»

የጾሙ ሰዓት እስኪደርስ ሁላችንም ጠበቅን። እኔ በጎጆዎቹ መካከል ስመላለስ አንዱ ተማሪ «የእስቴው ሰው፣ ቁጭ በል፤ መሬቱ አይሸሽም» አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የኔታ ከቅርጫቱ ትልቁን ሎሚ መርጠው ለሞገስ ሰጡት። ከነልጣጩ በላው። ከዚያ ከባዱን ዜማ መረጡለትና «በል» አሉት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደሱ አዘንብለው ሰሙት። ድምፁ ዛፉ ላይ ያሉትን ወፎች አስነሣቸው።

ሲጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ። «ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነው። አንድ ቦታ ተሳስቷል፤ እሱም እንደ ሁልጊዜው ነው።»

ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔን የከለከሉኝ መምህሬ ናቸው። እሳቸውን ማን እንደከለከላቸው ሳልጠይቅ አረጀሁ።»

አንድ ብርቱካን አንሥተው ከሁለት ከፈሉና አጋማሹን ራሳቸው በሉ። አጋማሹን ለይትባረክ ዘረጉለት። ወንድሜ እጃቸውን ስሞ ተቀበለ። የመጀመሪያው ጉርሻ የቆሰለ ድዱን ሲነካው እንባው ወረደ፤ ግን አልተፋውም። ሞገስን ማባረሩን ማንም አላነሣም።

ዘጠኝ ቀን

ዘጠኝ ቀን ተቀመጥሁ፤ ለኔ ዘጠኝ ቀን ብዙ ነው። ሎሚው በየቀኑ ይቆረጣል፣ በውኃ ይጨመቃል፣ አይፈላም። ከየመንደሩ ቃሪያና ጎመን እየለመንሁ አመጣሁ። በአምስተኛው ቀን የይትባረክ መፋቂያ ላይ ደሙ አነሰ። በሰባተኛው ቀን ቆሎ በአንድ ጉንጩ ቆረጠመ። ድምፁን ግን አልሞከረም። ፈራው። በጉባኤው ሰዓት ጓደኞቹ ሲዘምሩ እሱ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

በአሥረኛው ቀን መታገሥ አቃተኝና ተነሣሁ። ይትባረክ እስከ ዳገቱ ሸኘኝ። «ድምፄ ቢቀር የምጠይቀው አንተን ነው» አለኝ። በመመለሻው መንገድ ማንንም አላለፍሁም።

ቤት

እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ዘመረልህ?» አልዘመረም አልኋት። ከዚያ በኋላ ልደት አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። በየቀኑ መንገድ ዳር እየወጣሁ እቆም ነበር። ሎሚውን ለማድረስ አምስት ቀን በቅቶኛል። የተዘጋውን አፍ የከፈተው ግን አንድ ሰነፍ ተማሪ ሊባረር እንደሚችል እያወቀ የተናገራት ቃል ናት፤ እሷን በእግር ፈጥኖ መድረስ አይቻልም።

በየካቲት አንድ ቀን ጧት አንድ ተማሪ ደጃችን ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። እናቴ እንጀራ ይዛ ወጣች። ተቀብሎ አኮፋዳው ውስጥ አደረገና አልሄደም።

«እማማ፣ ሎሚ ወይም ቃሪያ አይገኝም?»

«አንተ የዜማ ተማሪ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። የኔታ ድርቆሽ ብቻ ይዞ የተመለሰ ጉባኤ አይግባ ብለዋል።»

ከቤት ዘልዬ ወጣሁ። ይትባረክ የሚባል ተማሪ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ልጁ ግር ብሎት አየኝ።

«ይትባረክ የሚባል ተማሪ የለም» አለ። «መርጌታ ይትባረክን ነው?»

እናቴ «ማንን አልህ?» አለችው። ደገመላት። እሷ ቃሪያ ልትለቅም ወደ ጓሮ ስትሮጥ እኔ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ።